ማትሪክ የበተናቸው

አሶሳ ላይ የድሮ ተማሪዎች ሲገናኙ ከስም ይልቅ ቁጥር ይቀድማል። «የመገሌ 32ቷ ልጅ የት ደረሰች?» «ያ የሰልጋ 22ቱ ቀጮስ?» በ1970ዎቹ ከወሎና ድርቅ ከመታቸው ሌሎች አካባቢዎች ሰው እየተጫነ መጥቶ በአሶሳ ዙሪያ ሲሰፍር መንደሮቹ በቁጥር ተሰየሙ፤ ቁጥሩም እስከ ዛሬ አልለቀቃቸውም። የሰፋሪ ልጅ፣ የበርታ ልጅ፣ ደመወዝተኛ አባቱን ተከትሎ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ልጅ ከተማዋ ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ ዴስክ ተጋሩ።

የበተናቸው ማትሪክ ነው። የፈተና ወንበር በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ስለሚደለደል፣ ብዙ ሙስሊም ባለበት አሶሳ መሐመዶች ለብቻቸው አንድ ረድፍ ቢይዙ አይገርምም። በስም የተጎራበቱ ሰዎች ዛሬም ይፈላለጋሉ፤ ሂሳቡን ማን ከማን እንደ ኮረጀ ክርክሩ ገና አላለቀም።

ያኔ ውጤት ከ4 ነጥብ ነበር የሚሰላው። በአካባቢው ዩኒቨርሲቲ አልነበረም፤ አሶሳ ዩኒቨርሲቲ የመጣው በ2000ዎቹ ነው። ስለዚህ ማለፍ ማለት መሄድ ነበር፤ አዲስ አበባ፣ ዓለማያ፣ የቀናው ደግሞ ባሕር ማዶ። ነጥብ ያልመጣለት ቀረ። ከቀሩትም አንዳንዱን ብሔራዊ ውትድርና ወሰደው። በ1982 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ከተማዋ ድረስ ገባ። ከዚያ ወዲህ ወሬው የጠፋ ሰው በየባቹ አለ፤ ስሙ ሲነሣ ጨዋታው ለጥቂት ደቂቃ ይቀዘቅዛል።

እኔን የሚገርመኝ ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። ደርግ ወድቆ አሶሳ ከወለጋ፣ መተከል ከጎጃም ተነሥተው ቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሚባል ክልል ሲዋቀር፣ ቢሮ ተከፈተ፤ የተማረ ሰው ግን አጠረ። 12ኛን ያጠናቀቀ የአካባቢው ተወላጅ ብርቅ ሆነ። በነጥብ ወድቆ አባቱ ማሳ ላይ የቀረው ልጅ ፋይል ይዞ ቢሮ ገባ፤ በማታ ዲፕሎማ ጨመረ፤ ኃላፊ ሆነ። ያለፈው ጓደኛው አዲስ አበባ ከኪራይ ቤት ኪራይ ቤት ሲዞር ኖሮ አሁን ለእረፍት ይመጣል። ሲገናኙ ማን ለማን ከወንበሩ መነሣት እንዳለበት ለአፍታ ግራ ይገባቸዋል።

ለሰፋሪው ልጅ በሩ እኩል አልተከፈተም። የክልሉ ሕገ መንግሥት የክልሉ ባለቤት የሚላቸው አምስት ብሔረሰቦችን ነው፦ በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ። በአንድ ዴስክ ያደጉት ሁለት ልጆች አንዱ ባለቤት፣ ሌላው ነዋሪ ተብለው ብዙ ዓመት አለፋቸው። ይህ የሚነሣው ቶናው ከተቀዳ በኋላ ነው፤ ያውም በቀልድ። ቀልዱ ሲደጋገም አንዱ «ተዉ እንጂ» ይላል፤ ወሬው ወደ ኳስ ይዞራል።

መገናኘቱ ራሱ ቀላል አይደለም። ከአዲስ አበባ በነቀምት፣ በጊምቢና በመንዲ አድርጎ ባምባሲን አልፎ አሶሳ የሚገባው መንገድ ከ650 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ወለጋ ሲታመስ ይዘጋል። የአውሮፕላን ቲኬት የሚችል ይመጣል፤ የማይችል በቴሌግራም ድምፁን ይልካል። በ2011 ዓ.ም. መስከረም በክልሉ ካማሺ ላይ፣ በኋላም መተከል ላይ ሰው ሲሞትና ሲፈናቀል፣ ለዓመታት ያልተደዋወሉ የክፍል ጓደኞች «ቤተሰብ ደኅና ነው?» ለማለት ስልክ ያነሡት ያኔ ነው።

የቀሩት ናቸው ጋባዦቹ። የማሽላ ገንፎ ከባሚያ ወጥ ጋር ይቀርባል፤ በእጅ ተቆርሶ፣ ባሚያው እየተዝለገለገ፣ ጣት እየተላሰ ይበላል። ሹካ የጠየቀ የአዲስ አበባ ሰው ቀኑን ሙሉ መሳቂያ ይሆናል። ከዚያ ማንጎ ይጠየቃል። ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ከምሥራቅ ወለጋ የተዛመተው ነጭ ተባይ ዛፎቹን እንዴት እንዳደረጋቸው ያልሰማ፣ የልጅነቱን ፍሬ ካልበላሁ ብሎ ድርቅ ይላል።

ከሁሉ የሚያሟግተው ግን የስም ዝርዝሩ ነው። የቀድሞው የክፍል ሞኒተር ማንን ይጥራ? «12ኛን የጨረሰ» ከተባለ ሴቶቹ አብዛኞቹ አይኖሩም፤ 9ኛና 10ኛ ላይ ተድረው የቀሩ ብዙ ናቸው። ወንዶቹ «እነሱማ አብረውን አልተመረቁም» ይላሉ። ዛሬ የልጅ ልጅ ያየች፣ ገበያ ውስጥ ሱቅ ያላት ሴት መልሷ አጭር ነው፦ ለክፍሉ መዋጮ ስትሰበስቡ ግን ስልኬን አልረሳችሁትም።