የቤት እርጥበት፦ ምንጩ ሳይታወቅ መድኃኒቱ አይገኝም



ክረምት በገባ ቁጥር በአዲስ አበባና በሌሎች ደጋማ ከተሞቻችን በብዙ ቤቶች የሚታይ ችግር አለ። ግድግዳው ያልበዋል፣ ቀለሙ ይላጣል፣ ጥጋጥጉን ጥቁር ሻጋታ ይወርሰዋል፣ አልጋ ልብሱም የእርጥበት ሽታ ይይዛል። የቲም ልጆችን ይዘው በአንዲት ክፍል በሚኖሩ እናቶችና አያቶች ዘንድ ጉዳቱ ይከፋል፤ ምግብ የሚበስለው፣ ልብስ የሚሰጣውና ልጆቹ የሚተኙት በዚያችው ክፍል ነውና። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ እርጥበትና ሻጋታ ያለበት ቤት ከሳል፣ ከአተነፋፈስ ችግርና ከአስም ጋር እንደሚያያዝ አስታውቋል።

ብዙዎቻችን ይህን ስናይ ቀለም ለመግዛት እንቸኩላለን። ውሃው ከየት እንደመጣ ሳይለዩ ቀለም መቀባት ግን ገንዘብ ማባከን ነው፤ በቀጣዩ ክረምት እድፉ ተመልሶ ይወጣል። ስለዚህ አስቀድመን ሦስቱን የእርጥበት ምንጮች ለይተን እንወቅ።

የመጀመሪያው ዝናብ ነው። ቆርቆሮው ሲበሳ፣ ምስማሩ ሲላላ፣ አሸንዳው በቅጠል ሲደፈን ወይም ግድግዳው ሲሰነጠቅ ውሃ ይገባል። ምልክቱ ዝናብ በዘነበ ማግስት የሚሰፋ፣ በበጋ ደግሞ የሚደርቅ እድፍ ነው።

ሁለተኛው ከመሬት የሚመጣው ነው። የኩራዝ ክር ላምባን ወደ ላይ እንደሚስብ ሁሉ የጭቃ፣ የጡብና የብሎኬት ግድግዳም የመሬቱን ውሃ ይስባል። እርጥበቱ ከወለሉ ተነሥቶ አብዛኛውን ጊዜ እስከ አንድ ሜትር ገደማ ይወጣል። በጠርዙ ላይ ነጭ፣ ጨው መሰል ዱቄት ይታያል፤ ልስኑም ከታች ይፈረፈራል።

ሦስተኛው ከቤቱ አየር የሚወጣው ጤዛ ነው። ከእስትንፋሳችን፣ ከሚፈላው ድስትና ከተሰጣው ልብስ የሚወጣው ተን በአየሩ ውስጥ ይቆያል። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ያለ አንድ ሜትር ኩብ አየር 17 ግራም ያህል ተን ሊይዝ ይችላል፤ ወደ 10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ግን ከ9 ግራም ብዙም የማይበልጥ ነው የሚይዘው። የተረፈው በቀዝቃዛ ነገር ላይ ውሃ ሆኖ ይቀመጣል። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ሌሊት በጣም ስለሚቀዘቅዝ ንጋት ላይ ያንጠባጥባል። ዝናብ ባልጣለበት ሌሊት «ጣሪያው አፈሰሰ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው። ከቁም ሣጥን ጀርባና ከአልጋ ራስጌ በኩል የሚበቅለው ሻጋታም መንስኤው በአመዛኙ ይኸው ነው።

ምንጩ ካልለየልን ቀላል መፈተኛ አለ። የግድግዳውን ፊት በጨርቅ አድርቀን አንድ ክንድ ያህል ላስቲክ እናስደግፍበትና ዙሪያውን በፕላስተር አጥብቀን እናሽገው። ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ጠብታው ወደ ክፍሉ በሚያየው የላስቲኩ ገጽ ላይ ከታየ ጤዛ ነው። ከላስቲኩ በስተጀርባ ከታየ ግን ውሃው ያለው በግድግዳው ውስጥ ነው።

መፍትሔውም እንደ ምንጩ ይለያያል። ለዝናብ፦ ክረምት ሳይገባ ቆርቆሮውን መጠገን፣ አሸንዳውን መጥረግና የሚወርደውን ውሃ ከግድግዳው ማራቅ ይበቃል። ለመሬት እርጥበት፦ በውጭ በኩል የተከመረውን አፈር ከወለሉ በታች ዝቅ ማድረግና ተዳፋት ያለው ቦይ መቆፈር ያስፈልጋል። የእቃ እጣቢና የውዱእ ውሃም በግድግዳው ሥር እንዳይደፋ ልብ እንበል። የጭቃ ቤትን በሲሚንቶ መለሰን ግን አይመከርም፤ ሲሚንቶው እርጥበቱን ውስጥ አፍኖ ጭቃውን ያበሰብሰዋል፣ ቆይቶም ራሱ ተገንጥሎ ይወድቃል። ጭድ የተቀላቀለበት ጭቃ ወይም የኖራ ልስን ግድግዳው እንዲተነፍስ ያደርጋል።

ለጤዛ የሚሆነው መድኃኒት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ምግብ ሲበስል በርና መስኮት መክፈት፣ ድስትን መክደን፣ ልብስን ውጭ ማስጣት፣ አልጋና ሣጥንን ከግድግዳው አንድ ስንዝር ማራቅ ነው። አቅም ሲፈቅድ ኮርኒስ ማሠራት ጣሪያው እንዳያንጠባጥብ ይረዳል። የበቀለውን ሻጋታ ልጆች በሌሉበት በሳሙናና በውሃ አጥቦ ማድረቅ ይገባል። በረኪና የሚጠቀም ሰው ከአሲድ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አይቀላቅለው፤ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራልና።

አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለን። ቤቱን ለማድረቅ ወይም ለማሞቅ ብሎ በተዘጋ ክፍል ከሰል ማንደድ ለሞት ይዳርጋል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ የተኛን ቤተሰብ ሳያነቃ ሊገድል ይችላል።

ለአንድ ቤተሰብ ቤት ማደሻ የምትለግሱ ወገኖቻችን ሆይ፣ ከቀለሙ በፊት «ውሃው ከየት ነው የሚመጣው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ አንዳንዴ ጥቂት ምስማርና አንድ ቆርቆሮ፣ አንዳንዴም የግማሽ ቀን ቁፋሮ ሆኖ ይገኛል። በዚህ መንገድ የተረፈው ገንዘብ ለልጆቹ ብርድ ልብስና ደብተር ይውላል፤ ልጆቹም ክረምቱን በደረቅ ቤት ያሳልፋሉ፣ ኢንሻአላህ።