ፉርጎው ከመንቀሳቀሱ በፊት

«ባቡር እንደሁ ሐዲዱን ይዞ ነው የሚሄደው፤ ምን ይሆናል?» የሚሉ አሉ። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። የፉርጎ መንኮራኩር የሚሽከረከረው በኩሽኔታ ነው። ኩሽኔታው ሲበላሽ ይግላል፤ ሲብስበት ዘንጉ ይሰበራል፤ ፉርጎውም ከሐዲዱ ይወጣል።

በጥር ወር 2015 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ክፍለ ግዛት፣ ኢስት ፓለስታይን በምትባል ከተማ 38 ፉርጎዎች ከሐዲድ የወጡት በዚሁ ምክንያት ነበር። በመንገዱ ዳር የተተከለው ሙቀት መለኪያ ያስጠነቀቀው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። መርዘኛ ኬሚካል ተቃጠለ፤ ሕዝቡም ቤቱን ጥሎ ወጣ። ክፍለ ግዛቱም በዚያው ዓመት ስለ ጭነት ባቡር ደኅንነት ሕግ አወጣ።

ታዲያ ሕግ ለምን አስፈለገ? ለፍተሻ የቆመ ባቡር ገንዘብ አያስገባም። ነገሩ ለባለንብረቱ ፈቃድ ብቻ ከተተወ ፍተሻው «ለነገ» ይባላል። ሕግ ግን ለመርማሪው «አቁም!» የማለት ሥልጣን ይሰጠዋል።

በአገራችንም በ2009 ዓ.ም. የባቡር ትራንስፖርት አስተዳደር አዋጅ ወጥቷል። ከአዋሽ ተነሥቶ በከሚሴ በኩል ወደ ኮምቦልቻ የተዘረጋው ሐዲድም ከሰንበቴያችን ሩቅ አይደለም። ነገር ግን አዋጅ ብቻውን ኩሽኔታ አይዳስስም፤ የሚዳስሰው ሰው ነው። ያ ሰው ደግሞ ነገ ከምናስተምራቸው ልጆች አንዱ ሊሆን እንደሚችል አንዘንጋ።