ጓጉንቸር ሳይሰበር እንዴት ይከፈታል?

አንድ ጧት የማኅበሩ የእህል መጋዘን ተከፍቶ ተገኘ እንበል። እህሉ ጎድሏል። ጓጉንቸሩ ግን አልተሰበረም፤ ማጠፊያውም አልተነቀለም።

ሕዝብ ይሰበሰባል። የመጀመሪያው ጥያቄ የታወቀ ነው። «ቁልፉ በማን እጅ ነበር?» ይባላል። ቁልፍ ያዡ «እኔ አልከፈትኩም» ቢል ማን ይሰማዋል? «ታዲያ ጓጉንቸሩ በራሱ ተከፈተ?» ብለው ያፋጥጡታል። እንዲህ ሲሆን ንጹሕ ሰው ሊታሰር፣ ስሙ ሊጠፋ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ደም ሊቃባ ይችላል። ስለዚህ የጓጉንቸርን አሠራር ማወቅ ለሁላችንም ይጠቅማል።

የጓጉንቸር ሆድ ዕቃ

በጓጉንቸር ውስጥ ቁልፍ የሚገባበት ክብ ብረት አለ። ይህ ብረት ሲዞር ጓጉንቸሩ ይከፈታል። እንዳይዞር የሚያግዱት ትንንሽ የብረት ካስማዎች ናቸው። ብዙውን ጊዜ አራት ወይም አምስት ሆነው በተርታ ይቆማሉ። እያንዳንዱ ካስማ ለሁለት የተቆረጠ ነው። ከበላዩ ደግሞ ሞላ፣ ማለት የተጠማዘዘ ሽቦ፣ ወደ ታች ይጫነዋል።

ቁልፍ ካልገባ ካስማው ግማሹ በሚዞረው ብረት፣ ግማሹ በውጪው ብረት ውስጥ ሆኖ እንደ መቀርቀሪያ ያግዳል። ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ ግን ጥርሶቹ እያንዳንዱን ካስማ በልኩ ያነሡታል። የተቆረጡበት ቦታ ሁሉ ሁለቱ ብረቶች በሚገናኙበት መሥመር ላይ ይውላል። ያን ጊዜ የሚያግድ የለም፤ ብረቱ ይዞራል።

ዘዴው የቆየ ነው። በጥንት ግብፅ ካስማውም ቁልፉም ከእንጨት ይሠራ ነበር። ዛሬ የምናውቀውን ትንሽ ጠፍጣፋ ቁልፍ ያለውን ዓይነት ሠርቶ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው አሜሪካዊው ሊነስ ዬል ነው። ጊዜውም በፈረንጆች አቆጣጠር 1861 እና 1865 ዓ.ም. ነበር።

ሌባ በምን ብልሃት ይከፍተዋል?

ምሥጢሩ ከሠሪው እጅ ይጀምራል። አምስት ቀዳዳ በተርታ ሲበሳ፣ በማሽንም ቢሆን፣ ፍጹም ቀጥ አይልም። አንዱ በጣም በጥቂቱ ወደ ግራ፣ ሌላው ወደ ቀኝ ያዘነብላል።

ይህን በቤታችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ሁለት ጣውላ ውሰዱና ለየብቻ በጋለ ብረት አምስት አምስት ቦታ ብሷቸው። ከዚያ ደርቧቸውና በቀዳዳዎቹ ውስጥ አምስት እንጨት አሳልፉ። እንጨቶቹ እኩል ውፍረት ይኑራቸው፤ ከቀዳዳው ትንሽ ቀጠን ይበሉ። አሁን የላይኛውን ጣውላ ወደ ቀኝ ግፉት። ጥቂት ይሄድና ይቆማል። ያቆመው ማነው? አምስቱም አይደሉም፤ አንዱ እንጨት ብቻ ነው። የቀሩት ልቅ ናቸው። የያዘውን ስትነቅሉት ጣውላው ትንሽ ይንሸራተትና ሌላው ይይዛል። እሱንም ስትነቅሉት ሦስተኛው ይይዛል።

ሌባም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በአንድ እጁ የሚዞረውን ብረት በቀስታ ይገፋል፤ በሌላው እጁ በሽቦ የያዘውን ካስማ ፈልጎ ያነሣል። ካስማው ልኩ ላይ ሲደርስ እዚያው ይቀራል፤ ተመልሶ አይወድቅም። ቀጥሎ ሌላውን ያነሣል። አምስቱን በአንድ ጊዜ ማንሣት ባይችልም አንድ በአንድ ይጨርሳቸዋል።

በአንዱ ወገን ለምን ይቀላል?

አሁን እንጨቶቹን መልሱና ጣውላውን ወደ ግራ ግፉት። መጀመሪያ የሚይዘው ያው እንጨት ነው? አይደለም። በፊት መጨረሻ የነበረው አሁን ፊተኛ ይሆናል። ተራው ይገለበጣል።

ተራው መገለበጡ ለሌባው ትልቅ ነገር ነው። በጥልቅ ያለው ካስማ ብዙ መነሣት፣ ከእሱ ፊት ያለው ግን ጥቂት ብቻ መነሣት አለበት እንበል። በጥልቅ ያለው ቀድሞ ከያዘ ሥራው ይቀላል። ሽቦው ወደ ውስጥ ሲገባ የፊተኛውን ቢነካውም ጉዳት የለም፤ ልቅ ስለሆነ ሞላው ይመልሰዋል። የፊተኛው ቀድሞ ልኩ ላይ ከተቀመጠ ግን ችግር ነው። ሌባው የኋለኛውን አነሣለሁ ሲል የፊተኛውን ከልኩ ያሳልፈዋል። ያን ጊዜ ሁሉንም ለቆ እንደገና መጀመር ይኖርበታል።

ያው አንድ ጓጉንቸር ወደ አንዱ ወገን ሲዞር ቶሎ የሚከፈተው፣ ወደ ሌላው ሲዞር የሚያለፋው ለዚህ ነው። የትኛው ወገን እንደሚቀል ከውጪ አይታይም፤ በየጓጉንቸሩ ይለያያል። በአንድ ወገን ብቻ የሚከፈት ጓጉንቸርም አለ። የበር ቁልፍ ደግሞ በአንዱ ወገን ይቆልፋል፤ በሌላው ይከፍታል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ጨርሶ የማይከፈት መቆለፊያ አለ ብለን አንመን። የብራማህ መቆለፊያ የሚባለው በለንደን ከተማ በሱቅ መስኮት 60 ዓመት ያህል ተቀምጦ ነበር። ያለ ቁልፍ ለሚከፍተው ሰው ሽልማት ተመድቦለታል። በፈረንጆች 1851 ዓ.ም. አሜሪካዊው አልፍሬድ ሆብስ ከፈተው። ሥራው 51 ሰዓት ያህል ፈጀበት። ጥሩ መቆለፊያ ሌባውን ጊዜ ያስፈጀዋል፤ በዚያ መሐል ዘበኛ ወይም ጎረቤት ይደርሳል።

ስለዚህ፦

1. ጓጉንቸሩ ስላልተሰበረ ብቻ ቁልፍ ያዡን ሌባ አንበል። ንጹሕ ነው ብለንም አንቸኩል። ነገሩ ይጣራ።

2. ጓጉንቸሩን አንጣለው፤ አንጠራርገው። በሽቦ የተነካካ ከሆነ በውስጡ አዲስ ጭረት ሊገኝ ይችላል። ለሚመረምረው ባለሙያ እናቆየው።

3. መጋዘኑ ሁለት ጓጉንቸር ይኑረው። ቁልፎቹ በሁለት ሰው እጅ ይሁኑ።

4. የገባውና የወጣው እህል ስንት ኩንታል እንደሆነ፣ ማን እንዳስገባና ማን እንዳወጣ በየቀኑ በደብተር ይጻፍ። ሁለቱም ቁልፍ ያዦች ይፈርሙበት። እህል ሲጎድል መቼ እንደጎደለ የሚነግረን ደብተሩ ነው። ማንበብና መጻፍ የቻለ ሰው ይህን መዝገብ መያዝ አያቅተውም።

ጥያቄዎች

ሀ. ካስማዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ የማይይዙት ለምንድን ነው?

ለ. ጣውላው ወደ ግራ ሲገፋ የእንጨቶቹ ተራ ምን ይሆናል?

ሐ. በመንደራችሁ የማኅበሩ ቁልፍ በስንት ሰው እጅ ነው? ተወያዩበት።