«ካንሰር የሚበላ ቫይረስ» የተባለው ነገር እውነቱ ምንድን ነው?

ሰሞኑን «ካንሰር የሚበላ ቫይረስ ተገኘ» የሚል ቪዲዮ እየላካችሁልኝ «እውነት ነው?» ትሉኛላችሁ። ወሬው ከመሬት የተነሳ አይደለም፤ ግን ተጋንኗል።

ነገሩ የሽንት ፊኛ ካንሰርን ይመለከታል፤ ያውም በፊኛው የውስጥ ሽፋን ላይ ያለውንና ገና ጡንቻው ውስጥ ያልገባውን። ይህ ካንሰር የመዛመት አዝማሚያው ከፍ ያለ ከሆነ የሚሰጠው የተለመደ ሕክምና ቢሲጂ ነው። አዎ፣ ሕፃናት እንደተወለዱ ክንዳቸው ላይ የሚወጉት የሳንባ ነቀርሳ ክትባት! ሐኪሙ አልቫሮ ሞራሌስና ባልደረቦቹ ይህንኑ ክትባት ለፊኛ ካንሰር ካናዳ ውስጥ በ9 ሕሙማን ላይ ሞክረው ውጤቱን በ1976 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። ከዚያ ወዲህ ቢሲጂ በካቴተር (በቀጭን ቱቦ) ፊኛ ውስጥ እየተጨመረ የሰውነትን የመከላከል አቅም ይቀሰቅሳል።

ጭንቁ ቢሲጂ አልሠራ ሲል ነው። ያኔ ሐኪሞች በአብዛኛው የሚመክሩት ፊኛውን ጨርሶ ማውጣት ነው። ከባድ ቀዶ ሕክምና ነው፤ ከዚያ በኋላ ብዙዎች ሽንታቸውን ሆዳቸው ላይ በሚለጠፍ ከረጢት ይዘው ይኖራሉ።

ክሬቶስቲሞጂን የተባለው የሙከራ መድኃኒት የመጣው ለእነዚህ ሰዎች ነው። ጉንፋን ከሚያመጡት ቫይረሶች አንዱ የሆነው አዴኖቫይረስ ዘረመሉ ተለውጦ ይዘጋጅና እንደ ቢሲጂው በካቴተር ይገባል። ጤነኛ ሴል መባዛቱን የሚገታበት ፍሬን አለው፤ የካንሰር ሴል ፍሬኑ ተበጥሷል። ቫይረሱ የተሠራው ፍሬን በሌለው ሴል ውስጥ እንዲራባ ነው። ተራብቶ ሴሉን ያፈነዳዋል። በተጨማሪም የመከላከያ ሴሎችን የሚጠራ ፕሮቲን ያስመርታል።

ውጤቱስ? ቢሲጂ ያልሠራላቸው 110 ሕሙማን በተካተቱበት ጥናት፣ ከ100 ወደ 75 የሚጠጉት በሆነ ጊዜ ካንሰሩ ጠፍቶላቸው ነበር። ቪዲዮው የሚጮኸው ይህችን ቁጥር ይዞ ነው። የማይነግራችሁ ግን፣ ሁለት ዓመት ሲሞላ ካንሰሩ ሳይመለስባቸው የቆዩት ከ100 ከ40 ትንሽ የሚበልጡት መሆናቸውን ነው። ለእኔ ይህም ቀላል አይደለም፤ እነዚያ ሰዎች ፊኛቸው አብሯቸው አለ። ግን «ካንሰር ተሸነፈ» አያሰኝም፤ ለጡት ወይም ለጉበት ካንሰርም ማስረጃ አይሆንም።

ልብ በሉ፤ ቢሲጂም ሆነ ይህ ቫይረስ እዚህ የተነገረላቸው ጡንቻ ውስጥ ላልገባ ካንሰር ነው። ስለዚህ ካንሰሩ ጡንቻ ውስጥ ሳይገባ እንዲደረስበት፣ ሽንታችሁ ላይ ደም ካያችሁ፣ ባያማችሁም፣ በማግሥቱ ቢጠፋም፣ ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ ታዩ። ሲጋራ የምታጨሱ ደግሞ ይበልጥ ፍጠኑ፤ የዚህ ካንሰር ዋነኛ መንስኤ እሱ ነው።