በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፦ ለሐኪምዎ ያልነገሩት ነገር አለ?

«ዶክተሩ ራሱ ያውቀዋል» ብሎ ዝም ማለት እኛ ሐረርም የተለመደ ነው። ግን የግፊት መለኪያው 160/100 ሲል ቁጥሩን እንጂ ምክንያቱን አይነግረንም። ቤትዎ ምን እንደሚያደርጉ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ጁገል ሆስፒታልም ይሂዱ ሕይወት ፋና ወይም ሰፈርዎ ያለ ጤና ጣቢያ፣ ሳይጠየቁም ቢሆን እነዚህን 3 ነገሮች ይናገሩ።

1. ጫት
ብዙ ሰው «ይቆጡኛል» ብሎ ይደብቀዋል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። በርጫ ላይ ቆይተው መጥተው ካልነገሩን፣ መድኃኒቱ አልሠራም ብለን መጠኑን ልንጨምር እንችላለን። አምፒሲሊንና አሞክሲሲሊንም እየቃሙ ሲወሰዱ ወደ ደም የሚገባው መጠን ይቀንሳል። ቅመው ከጨረሱ ከ2 ሰዓት በኋላ መዋጥ ይሻላል።

2. ጾም
ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ የስኳር ታካሚ ሳያማክር ከጾመ ስኳሩ በድንገት ሊወርድ ይችላል። ረመዳን ከመግባቱ 1 ወይም 2 ወር ቀደም ብለው ይምጡ። መጾም ከቻሉ የመድኃኒቱን መጠንና ሰዓት ለሱሁርና ለኢፍጣር እናስተካክላለን። መለኪያው ከ70 በታች ካሳየ ግን ጾሙን ወዲያው መፍታት ነው። የዐቢይ ጾም የሚጾሙም ቀድመው ያማክሩ።

3. የባህል መድኃኒትና ያቋረጡት ክኒን
ጥቁር አዝሙድ እንኳ ስኳርንና ግፊትን ዝቅ ሊያደርግ ስለሚችል፣ ከክኒን ጋር ሲደመር ከሚፈለገው በላይ ሊያወርድ ይችላል። ክኒኑ ስለተወደደብዎ ወይም ስላልተስማማዎት ካቆሙም ይንገሩን፤ ሌላ አማራጭ ሊኖር ይችላል።

ከክፍሉ ከመውጣትዎ በፊት ደግሞ እነዚህን ይጠይቁ፦
✅ በሽታዬ ምንድነው?
✅ ይህ መድኃኒት ለምንድነው? እስከ መቼ ነው የምወስደው?
✅ ምን ምልክት ካየሁ ከቀጠሮዬ በፊት ልምጣ?

በሐረሪ፣ በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ የሚቀልዎት ከሆነ የሚያስረዳዎት ሰው ይጠይቁ። በመጨረሻም የተረዱትን በራስዎ አባባል መልሰው ለሐኪሙ ይንገሩት፤ የተሳሳተ ነገር ካለ እዚያው ይታረማል።

መጠየቅ ሐኪሙን መድፈር አይደለም። ግማሹ ሕክምና በእርስዎ እጅ ነው!

ክትትል ላይ ላሉ እናት አባትዎ ያንብቡላቸው፣ ለሌሎችም ሼር ያድርጉ። ጤና ይስጥልን!