ለደንበኛዬ የሰው ምንጅላት ሸጥኩላቸው

ይህን የምጽፈው ትንሽ እያፈርኩ ነው። ቢሆንም ከኔ ስህተት አንድ ሰው ቢማር ይሻላል ብዬ ነው።

ባለፈው ክረምት ነው። ኢኮኖሚክስ ተመርቄ፣ ሥራ ፈልጌ ፈልጌ ሲሰለቸኝ፣ ኦንላይን የተገኘውን ሁሉ መሥራት ጀምሬ ነበር። ዳታ ማስገባት፣ የተቀዳ ድምፅ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ፣ ምናምን። አንድ ቀን ካናዳ የሚኖሩ ጡረተኛ ሴትዮ ያወጡትን ሥራ አየሁ። የቤተሰባቸውን የዘር ሐረግ ከስኮትላንድ መዝገቦች ውስጥ የሚፈልግላቸው ሰው ይፈልጋሉ። ዓይናቸው ስለደከመ የድሮ የእጅ ጽሑፍ ስክሪን ላይ ማንበብ አልቻሉም። «ትዕግሥት ያለው ብቻ ያመልክት» ይላል ማስታወቂያው። ትዕግሥት ነበረኝ፤ ሥራ ነው ያልነበረኝ። አመለከትኩ፣ ተቀበሉኝ።

የሰጡኝ መረጃ ጥቂት ነው፦ የምንጅላታቸው ስም፣ የሚስቱ ስም፣ እና ሁለት የቦታ ስሞች፤ ኪልዶናንና ሄልምስዴል። ምንጅላት ማለት የቅድመ አያት አባት ነው፤ ቃሉን የማውቀው ከአያቴ ነው። የሴትዮዋ ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፦ «የእሱ አባትና እናት እነማን ነበሩ?»

(ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

መዝገቡ የት ነው ያለው?

ኪልዶናን በሰሜን ስኮትላንድ፣ ሰዘርላንድ በሚባለው አገር ያለ የገጠር አጥቢያ ነው። ረጅም ሸለቆ ነው፤ በመሃሉ ወንዝ ይወርዳል። ወንዙ ባሕር የሚገባበት ቦታ ላይ ሄልምስዴል የምትባል ትንሽ የወደብ መንደር አለች።

ስኮትላንድ ውስጥ መንግሥት ልደት፣ ጋብቻና ሞት መመዝገብ የጀመረው በ1855 ነው። ከዚያ በፊት ሥራው የቤተ ክርስቲያን ነበር። 900 ያህል አጥቢያዎች ክርስትናን፣ የጋብቻ ማስታወቂያን፣ አንዳንዴም ቀብርን በየራሳቸው ደብተር ይጽፉ ነበር። ከተረፉት ውስጥ ጥንታዊው ኤሮል የሚባለው አጥቢያ መዝገብ ነው፤ የሚጀምረው በ1553 ነው። ኪልዶናን ባለበት በተራራማው ሰሜን ግን ብዙዎቹ መዝገቦች የሚጀምሩት በ18ኛው ክፍለ ዘመን ውስጥ፣ ያውም ዘግይተው ነው።

ዛሬ እነዚህ ደብተሮች በፎቶ ተነሥተው «ስኮትላንድስ ፒፕል» በሚባለው የመንግሥት መዝገብ ቤት ድረ ገጽ ላይ አሉ። ስም መፈለግ ነጻ ነው። የተጻፈበትን ገጽ ለማየት ግን ይከፈላል፤ እኔ ስሠራ ለአንድ ገጽ 1.50 ፓውንድ ነበር። ይቺን 1.50 ፓውንድ ያዙልኝ፤ ጣጣው ሁሉ ከእሷ ነው የመጣው።

የሥራው ደንብ ቀላል ነው፤ ከምታውቀው ተነሥተህ ወደማታውቀው ወደ ኋላ መሄድ። ስለዚህ በሕዝብ ቆጠራ ጀመርኩ። የስኮትላንድ ቆጠራ ከ1841 ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ የሰው ስም ከነቤተሰቡ ይሰጣል። የ1841ዱ ግን ወጥመድ አለው። ከ15 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ዕድሜ ወደ ታች፣ ወደ አምስት ብዜት እንዲጠጋጋ ነበር መመሪያው፤ የ43 ዓመቱ ሰውዬ 40 ተብሎ ይጻፋል። የ1851ዱ ይሻላል፤ ዕድሜን ሳያጠጋጋ፣ ዝምድናን፣ የተወለዱበትን አጥቢያ ጭምር ይነግራል።

ሰውየውን በ1851 አገኘሁት። ሄልምስዴል፣ ዓሣ አጥማጅ፣ 43 ዓመት፣ የትውልድ ቦታ ኪልዶናን። የሚስቱ ስም ልክ ነው። የልጆቹ ስም ልክ ነው። ደስ አለኝ!

ሒሳቡን ሠራሁ፤ የተወለደው 1807 ወይም 1808 ነው። ወደ አጥቢያው የክርስትና መዝገብ ሄድኩ። 1807 ላይ ስሙ ከነቤተሰብ ስሙ ቁጭ ብሏል። የአባቱ ስም አለ፣ የእናቱ ስም አለ፣ ያረሱት ቦታ ስም ሳይቀር አለ። በቃ ተገኘ! የሚያምር ፒዲኤፍ አዘጋጅቼ ላክሁ። ሴትዮዋ ከፈሉኝ፣ አምስት ኮከብ ሰጡኝ፣ ጉርሻም ጨመሩልኝ። ከዚያ ወር የሚበልጥ ገቢ አላገኘሁም ነበር።

እንዴ! እናቱ ማን ናት?

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሴትዮዋ ተጨማሪ ሥራ ሰጡኝ፤ የሚስቱን ወገን። ለዚህ ሥራ ብዬ የሰውየውን የሞት መዝገብ ከፈትኩ፤ በ1870ዎቹ ነው የሞተው። የስኮትላንድ የሞት መዝገብ ከ1855 ጀምሮ የሟቹን አባት ስምና ሥራ፣ የእናቱን ስም፣ ከዚያም አልፎ እናትየዋ ከማግባቷ በፊት የነበራትን የቤተሰብ ስም ይይዛል። ስኮትላንድ ውስጥ ያገባች ሴት በመዝገብ ላይ የአባቷ ቤት ስም አይጠፋም።

የአባቱ ስም ልክ ነው። የእናቱ ስም ግን ሌላ ነው።

መጀመሪያ የጻፈው ሰው ተሳስቶ ነው አልኩ። ቀጥሎ የእጅ ጽሑፉን አላነበብኩትም ይሆናል አልኩ። ስልኬን ወደ ዓይኔ አስጠግቼ ደጋግሜ አየሁት። ምንም ማድረግ አይቻልም፤ ሌላ ሴት ናት።

ነገሩ ሲገባኝ እንዲህ ነው። በዚያ ሸለቆ የቤተሰብ ስም ጥቂት ነው፤ ገን፣ ማካይ፣ ሰዘርላንድ፣ ባነርማን ይደጋገማሉ። በዚያ ላይ ብዙ የስኮትላንድ ቤተሰብ ለልጅ ስም ሲያወጣ የሚከተለው ልማድ አለ። የመጀመሪያው ወንድ ልጅ በአባቱ አባት ስም ይጠራል፣ ሁለተኛው በእናቱ አባት፣ ሦስተኛው በራሱ በአባቱ። የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ በእናቷ እናት፣ ሁለተኛዋ በአባቷ እናት። አስቡት፤ አንድ ሽማግሌ አራት ያገቡ ወንዶች ልጆች ቢኖሩት፣ በአንድ ሸለቆ ውስጥ በአንድ ዘመን አራት የልጅ ልጆች ስማቸው ከነቤተሰብ ስማቸው አንድ ሊሆን ነው።

እንደገና ፈለግሁ። 1809 ላይ ሌላ ሕፃን አለ፤ ስሙ ያው፣ የአባቱም ስም ያው፣ እናቱ ግን የሞት መዝገቡ ላይ ያለችው ሴት። በ1851 ዕድሜው የተጨመረው በስህተት ነው፤ በዚያ ዘመን ብዙ ሰው ዕድሜውን በግምት ነበር የሚናገረው። የሰውየውን ሁለተኛ ሴት ልጅ ስም አየሁ፤ በልማዱ መሠረት የአባቷን እናት ስም መያዝ አለባት። ይዛለች። ትክክለኛው ይሄ ነው።

የሞት መዝገቡን መጀመሪያውኑ ለምን አልከፈትኩም? 1.50 ፓውንድ ለመቆጠብ። የደንበኛዬ ገንዘብ እንዳይባክን አስቤ ነው፤ ግን ደግሞ የምፈልገውን ስም ስላገኘሁ መጠርጠር አልፈለግሁም። ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ሙሉ «ሁለት ነገር አብሮ ስለታየ አንዱ የሌላው ምክንያት ነው ማለት አይደለም» ሲሉን ኖረዋል። እኔ ግን ስም ስላገኘሁ ሰው ያገኘሁ መሰለኝ።

ማን ጻፈው? ለምን ጻፈው?

ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም መዝገብ ስከፍት መጀመሪያ የምጠይቀው ይሄንን ነው። ማንም ቢሆን ለኛ ለወደፊቶቹ ብሎ አልጻፈም። ለራሱ ጉዳይ ነው።

ለምሳሌ ከ1783 እስከ 1794 የብሪታኒያ መንግሥት መዝገብ ላይ ለሚሰፍር ለእያንዳንዱ ክርስትና፣ ጋብቻና ቀብር ሦስት ፔንስ ቀረጥ ጥሎ ነበር። ምን ሆነ? ብዙ ሰው ልጁን አስጠምቆ ሳያስመዘግብ ቀረ። በእነዚያ ዓመታት አያታችሁን ብታጡት አልተወለደም ማለት አይደለም፤ ሦስት ፔንሷን ቆጥቧል ማለት ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ለቁጠባ ብሎ ታሪክ ያበላሸሁ የመጀመሪያው ሰው እኔ አይደለሁም።

የቀብር መዝገብ ደግሞ ብዙ ቦታ ጭራሽ የለም። ያለው ሒሳብ ነው። የአጥቢያው ሽማግሌዎች ጉባኤ የሬሳ ሣጥን የሚሸፈንበት ጥቁር ጨርቅ ነበረው፤ ለሐዘንተኛ ያከራያል፣ ገቢው ለድሆች ይውላል። የእድር ድንኳን ኪራይን አስቡ። ሰው መቼ እንደሞተ የምናውቀው ቤተሰቡ ጨርቁን ሲከራይ ስለተጻፈ ነው።

ያው ጉባኤ የሰውን ገመናም ይጽፋል። ሳታገባ ያረገዘች ሴት ትጠራለች፣ አባቱ ማን እንደሆነ ትጠየቃለች፤ ሁለቱም በምእመናን ፊት ይገሠጻሉ፣ ቅጣት ይከፍላሉ። ታዋቂው ገጣሚ ሮበርት በርንስ ራሱ በ1786 ሞክሊን በሚባለው አጥቢያ በዚህ ተቀጥቶ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በሕዝብ ፊት ንስሐ ገብቷል። ዛሬ ዘር ለሚፈልግ ሰው ይህ መዝገብ ወርቅ ነው፤ ክርስትና መዝገብ ላይ የሌለ አባት እዚህ ይገኛል። ሳነበው ግን ዝም ብዬ አላለፍኩትም። አንዲት የገጠር ልጅ በሕይወቷ የተናገረችው ቃል በወረቀት የተረፈው የተዋረደች ቀን ብቻ ሊሆን ይችላል።

እኛን ኢኮኖሚስቶችን የሚመለከትም አለ። በ1790ዎቹ ሰር ጆን ሲንክሌር የሚባል ሰው ለየአጥቢያው ቄስ ከ160 በላይ ጥያቄ ልኮ ስለ ሕዝቡ ብዛት፣ ስለ እርሻው፣ ስለ ደመወዝ፣ ስለ እህል ዋጋ አስጽፏል። የ938 አጥቢያዎች መልስ በ21 ቅጽ ታተመ። «ስታቲስቲክስ» የሚለውን ቃል ከጀርመን አምጥቶ በእንግሊዝኛ ያስለመደውም እሱ ነው። የናንተ ዘመድ በስም አይገኝበትም፤ ምን ይበላ እንደነበር ግን ይገኝበታል።

ለሴትዮዋ ነገርኳቸው

ሦስት ቀን ዝም አልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር። ሴትዮዋ ግን ፒዲኤፉን ለእህታቸው፣ ለልጆቻቸው፣ ለልጅ ልጆቻቸው ልከውታል። አንዷ የልጅ ልጅ ትምህርት ቤት ወስዳ አቅርባዋለች። አንድ ቤተሰብ ሙሉ በኔ ምክንያት የሰው እናት «እናታችን» እያለ ነው።

ሁሉንም ጻፍኩላቸው። ሁለቱን የክርስትና ገጾች፣ የሞት መዝገቡን፣ ስህተቱ የት እንደተፈጠረ። ገንዘቡንም ልመልስ አልኩ። ኮከቦቼን ተሰናብቼ ተኛሁ።

ጠዋት መልስ አገኘሁ። ገንዘቡን አልፈልግም ብለዋል። ትንሽ እንዳዘኑ፣ ያችን የመጀመሪያዋን እናት እንደለመዷት ጻፉልኝ። መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ አለ፦ «የእሷስ ልጅ? ያ የ1807ቱ ሕፃን ምን ሆነ?»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ለኔ የተሳሳተ ሕፃን ነበር፤ ስህተት እንደሆነ ሳውቅ ረሳሁት።

ፈለግሁት። በ1841 ቆጠራ የለም። በ1851 የለም። ከ1855 ወዲህ ባለው የሞት መዝገብ የለም። አባቱም እናቱም የሉም። ከክርስትናው በኋላ ቤተሰቡ ሙሉ በሙሉ ከወረቀት ይጠፋል።

ከዚያ የአጥቢያውን የሕዝብ ብዛት አየሁ። 1811 ላይ ኪልዶናን 1,574 ሰው ነበረው። 1831 ላይ 257።

በመሃል የሆነው በታሪክ የታወቀ ነው። የሰዘርላንድ ባላባቶች መሬቱን ለትልልቅ በግ አርቢዎች ሊያከራዩ ፈለጉ፤ በግ አርቢው የሚከፍለው ኪራይ ከጭሰኛው ይበልጣል። ከ1813 እስከ 1819 ሸለቆው ከሰው ጸዳ። በ1813 መጀመሪያ ሕዝቡ እንቢ ሲል ወታደር መጣ። ብዙዎቹ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ወረዱ፤ ገበሬ የነበረው ዓሣ አጥማጅ ሁን ተባለ። የደንበኛዬ ምንጅላት ሄልምስዴል የተገኘው ለዚህ ነው። መቶ የሚጠጉት ደግሞ በዚያው ዓመት በመርከብ ወደ ካናዳ ሄዱ፤ መርከቡ ላይ ተስቦ ገባ፣ ከባሕር ወርደው በብርዱ ከረሙ፣ ከእነሱም ብዙዎቹ በበረዶ ላይ በእግር ተጓዙ። ዛሬ ዊኒፔግ ከተማ ውስጥ ኪልዶናን የሚባሉ ሰፈሮች ያሉት ከእነሱ ነው።

ይህን ክፍል ውስጥ ብንማረው «የመሬት ምርታማነት ጨመረ» ብለን እናልፈው ነበር።

ያ ልጅ ከየትኛው ወገን እንደሆነ የሚናገር ወረቀት አላገኘሁም። ለሴትዮዋ ይህንኑ ጻፍኩላቸው። እሳቸውም የዘር ሐረጉ ወረቀት ጥግ ላይ ስሙን ከነእናቱ ስም አስፍረው አስቀመጡት፤ «ዘመድ ባይሆንም ጎረቤት ነው» አሉ።

ሦስት ወንዶች

ይህን ሁሉ ጨርሼ የራሴን መታወቂያ አየሁት። የኔ ስም፣ የአባቴ ስም፣ የአያቴ ስም። ሦስት ወንዶች። አያቴ ሰባት ቤት ስትቆጥርልኝም የያዝኩት የወንዶቹን ነው። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ እኔን ከሞክሼዬ የሚለየኝ ማነው? የኪልዶናኑን ሰውዬ የለየችው እናቱ ነበረች።

ስልክ ደወልኩ፣ ሪከርድ ላይ አደረግሁት።

«የእናትሽ ስም ማነው?» አልኳት አያቴን። ነገረችኝ።

«የእሷስ እናት?»

«ዛሬ ደግሞ ምን ነካህ?» ብላ ሳቀች፤ ትንሽ አሰበችና ነገረችኝ።

«የእሷስ?»

ዝም አለች። «እሷንማ የምታውቃት እቴቴ ነበረች፤ አፈር ይቅለላትና» አለችኝ። እቴቴ ታላቅ እህቷ ናት። ያረፈችው የዛሬ ሁለት ዓመት ነው፤ እኔ ያኔ እዚሁ አዲስ አበባ ነበርኩ፣ ይሄው ስልክ በእጄ ነበር።