ቦዲ ልቀይር ወይስ ሌንስ? የደላላ ሒሳብ በካሜራ ገበያ

ዛሬ የቡናም የሰሊጥም ዋጋ የለም። እዚህ የምለጥፋቸውን የመጋዘንና የናሙና ፎቶዎች አይታችሁ «በምን ካሜራ ነው? እኛስ ምን እንግዛ?» ብላችሁ በውስጥ መስመር የጠየቃችሁኝ የዩኒየንና የላኪ ድርጅት ሰዎች በርካታ ናችሁ። እኔም ሰሞኑን የራሴን ለማሻሻል ሒሳብ ላይ ስለሆንኩ፣ ሒሳቡን እንዳለ ላካፍላችሁ።

የያዝኩት ካነን 600ዲ ነው፤ 18 ሜጋፒክስል፣ አብሮት የሚመጣው 18-55 ሌንስ ያለው። ልቤ የከጀለው ደግሞ ያገለገለ ካነን 6ዲ ነው፤ ፉል ፍሬም። ፎቶ ለእኔ እንጀራ አይደለም። ልደታ ኮንዶሚኒየም ግቢያችን ውስጥ አመሻሽ ላይ ኳስ የሚጫወቱትን ልጆች፣ ቡና የሚያፈሉ ጎረቤቶቼን ማንሳት ደስ ስለሚለኝ ነው። ስለዚህ የማወጣው ብር ተመልሶ አይገባም፤ ከቤት ወጪ የተቆጠበ ነው።

1. ምንዛሪው

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ120 አለፈ። 500 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ በ57 ሒሳብ 28,500 ብር ነው፤ በ120 ሒሳብ 60,000 ብር። ቀረጥና የሻጭ ትርፍ ገና አልተጨመረም። እናንተ ላኪዎች እፎይ ያላችሁበት ምንዛሪ ካሜራ ገዢውን አስለቅሷል። ድሮ «ግዴለም፣ ልሞክረው» ተብሎ የሚገዛ ዕቃ ዛሬ ቆም ብሎ ማሰብ ይጠይቃል።

2. የምከፍለው ለየትኛው ችግር ነው?

የእኔ ችግር ሜጋፒክስል አይደለም። 6ዲ 20 ነው፣ የእኔ 18፤ ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በ18 ሜጋፒክስል ኤ3 ወረቀት ላይ ጥርት ያለ ፎቶ ይታተማል። ቴሌግራም ደግሞ ፎቶውን ጨምቆ ነው የሚልከው።

ችግሬ ብርሃን ነው። 18-55ቱ ጫፉ ላይ ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም። አመሻሽ ላይ ፍጥነቱ 1/15 ሰከንድ ይወርድና የሚሮጠው ልጅ ጥላ ሆኖ ይወጣል። የፉል ፍሬም ሴንሰር ስፋት ከእኔው 2.6 እጥፍ ገደማ ስለሆነ፣ በተመሳሳይ የፎቶ ጥራት ወደ 1/40 ያደርሰኛል። 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ግን የሚያስገባው ብርሃን ከኤፍ 5.6 ወደ 10 እጥፍ ይጠጋል። አንድ ጎረቤቴ ቅዳሜና እሁድ አዋሰኝና ሞከርኩት፤ በዚያው ግቢ፣ በዚያው ሰዓት 1/160 ሰጠኝ። ልጁም ኳሱም ቀጥ ብለው ቆሙ።

3. የተደበቀው ወጪ

የእኔ 18-55 ለትንሽ ሴንሰር የተሠራ ስለሆነ 6ዲ ላይ አይገጥምም። ቦዲ ገዛሁ ስል ሌንስም ልገዛ ነው ማለት ነው። 50 ሚሊሜትሩ ግን ዛሬ 600ዲዬ ላይ፣ ነገ 6ዲ ላይ፣ ከነገ ወዲያም በአዳፕተር ካነን ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚያወጣቸው ፉል ፍሬም ሚረርለሶች ላይ ይሠራል። ቦዲ አዲስ ሞዴል በወጣ ቁጥር እንደከረመ እህል ዋጋው ይወርዳል፤ ደህና ሌንስ ቶሎ አይወርድም።

ጉድለቱንም ልናገር፦ 50 ሚሊሜትር በእኔ ካሜራ ላይ እንደ 80 ሆኖ ያጠባል። ለጠባብ የኮንዶሚኒየም ሳሎን አይመችም፤ ለዚያ 18-55ቱ ይቀመጣል።

4. ያገለገለ ስትገዙ

ናሙና ሳታዩ ቡና አትገዙም አይደል? የሸተሩን ቁጥር ጠይቁ፤ እንደ መኪና ኪሎሜትር ነው። በእነዚህ ካሜራዎች 100,000 ገደማ እንዲሠራ ታስቦ ነው የተሠራው። ሌንሱን ከፍታችሁ የስልክ መብራት አሳልፋችሁ እዩ፤ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፣ ተዉት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

5. ለናሙና ፎቶ

ለዚህ ምንም አትግዙ። ስልክ ብዙ ጊዜ ቀለሙን ያደምቃል፤ ገዢው አረንጓዴ ያየው ቡና ሲደርስ ገርጥቶ ቢያገኘው ጭቅጭቅ ነው። ነጭ ወረቀት አጠገቡ አድርጉ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይገባበት መስኮት ሥር አንሱ፣ የአምፖል መብራት አጥፉ። ካሜራ ካላችሁ ትሪፖድ ላይ ኤፍ 8 ይበቃል፤ በኤፍ 1.8 ከሳህኑ ግማሹ ፍሬ ይደበዝዛል። ደግሞም እርጥበት 11.5 በመቶ ይሁን 13 በፎቶ አይታይም። ፎቶ ገዢን ይጠራል እንጂ ናሙናን አይተካም።

ውሳኔዬ፦ 50 ሚሊሜትሩን እገዛለሁ፤ 6ዲ ይቆያል። በክፍያ ሠርግ የምታነሱ ወይም 4ኬ ቪዲዮ የምትፈልጉ ግን ሒሳባችሁ ሌላ ነው፤ ለእናንተ ቦዲው ይቀድማል።

ነገ ወደ ዋጋችን እንመለሳለን። መልካም ገበያ!